ስሜን የጠሩኝ ዕለት

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ወባ ታመምን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ዳንኩ። ሁለተኛዋ እኔን ሊያስታምሙ የመጡት የባለቤቴ እናት ናቸው፤ አልዳኑም። የእኔን ሕመም ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረቦቼም ያዩት ነበር። የእርሳቸውን ማንም አላየም። ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ቤት ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ከሆነ በጊዜ እንዲታይ ነው።

ሥራዬ ለሬዲዮ ዜና ማጠናቀር ነው። የተወለድኩት ሲሬ ነው፤ ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው። የምኖረው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። ባለቤቴ ለሊሴ የጉቶ ጊዳ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። ከተጋባን አስራ አንድ ዓመት ሆኖናል።

ጥቅምት ላይ የበቆሎ አሰባሰብ ልዘግብ ወደ ቆላው ወረድኩና ሁለት ሌሊት አደርኩ። አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሎ ነበር። ሙቀቱ አላስተኛ ስላለኝ ገልጬው አደርኩ። ይህን በማንም ላይ ላላክክ አልችልም፤ በዚያው ሰሞን ስለ አጎበር አጠቃቀም ዜና ያነበብኩት እኔው ነኝ።

ከተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ጀርባዬን በረደኝ። እኩለ ቀን ላይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ መሆን። ሥራ ቦታ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ከጣቴ ደም ወስደው ወባ የለም አሉኝ። ሌላ ምርመራ ጨመሩና ታይፎይድ ነው ተባልኩ። የሚዋጥ መድኃኒት ይዤ ቤት ገባሁ።

ለሊሴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ቆላ ነበርክ እኮ። ድገሙልኝ በላቸው» አለችኝ።

«የለም ተብሎ ተጽፏል።»

«የሚንቀጠቀጠው ወረቀቱ አይደለም።»

አልሰማኋትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ከሚለኝ ይልቅ ፊርማ ያለበትን ሳምን ኖሬያለሁ። አራት ቀን የታይፎይድ መድኃኒት ዋጥኩ። ዓርብ ጠዋት ጫማዬን ላደርግ ቁጭ ብዬ የትኛው ለየትኛው እግር እንደሆነ ጠፋኝ። ይህን ለሊሴ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አላስታውሰውም። እርሷና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ግራና ቀኝ ደግፈው ባጃጅ ውስጥ ከተቱኝ።

ከሆስፒታሉ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል የማስታውሰው አግዳሚ ወንበሩን ነው። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ወንበሩ እስከ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ከፊታችን የነበረ ሸምገል ያለ ሰው አጠገቡ ላለው «እዚህ ተራ የሚጠብቀው ጤነኛው ነው፤ የታመመውማ ተኝቷል» ሲል ሰማሁ። ሰዎች ሳቁ። ወዲያው ዞር ብሎ በለሊሴ ትከሻ ላይ መውደቄን አየና «ይኼ የታመመው ነው» ብሎ ተራውን ለቀቀልን። ማን እንደሆነ አላውቅም። እርሱም ትኩሳት ነበረበት።

ሦስት ቀን ተኛሁ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ሐኪሙን፣ ወጣት ነው፣ ስሟገተው ለሊሴ አጠገቤ ነበረች።

«ሰኞ የለም የተባለ ወባ ዓርብ ከየት መጣ?»

«ሰኞም ሳይኖር አይቀርም፣ ኦቦ ታደሰ። ከጣት የሚወሰደው ደም የሚያሳየው በሥር ውስጥ የሚዘዋወረውን ብቻ ነው። የተደበቀውን አያሳይም።»

«የት ይደበቃል?»

ከኪሱ የላስቲክ ጓንት አወጣ፤ ከቧንቧው ግማሽ ድረስ ውኃ ሞላና አፉን ቋጠረው። በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ቀለበት ሠርቶ ጓንቱን በዚያ ውስጥ ሳበው። ጓንቱ ቀጠነ፣ ረዘመ፣ አለፈ።

«ጤነኛ ቀይ የደም ሴል እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሥር ከሴሉ ይጠባል። ሴሉ እየተለጠጠና እየተጣጠፈ ነው የሚያልፈው።» ቀጥሎ ጠያቂ ካመጣልኝ ብርቱካን አንዱን አንስቶ በዚያው ቀለበት ላይ አስቀመጠው። ቁጭ አለ። «ጥገኛው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ሲያድግ እንዲህ ያደርገዋል። ይደነድናል፤ ከዚያም አልፎ የሥሩ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ከኋላው የሚመጣው ደም መንገድ ያጣል።»

«የተያዘው ሴል ብቻ ነው የሚደነድነው?»

«አይደለም። ያልተያዙትም አብረው ይደነድናሉ። ጣፊያ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው፤ የማይተጣጠፈውን ሁሉ ያስቀራል። የደም ማነሱ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።»

«አንጎል ውስጥ ሲዘጋስ?» አለች ለሊሴ።

«ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጠው ጠባይ ነው። ሰው ያላመሉን ይናገራል፤ ያላመሉን ያደርጋል። እንቅልፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ጫማዎ ጠፋዎት። አሁን ጥያቄ ካበዙ ድነዋል ማለት ነው። አልጋውን ለሌላ ሰው ይልቀቁ።»

ይህን ንግግር ለሊሴም ሰምታለች፤ እኔም ሰምቻለሁ። እንዲያውም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

በወጣሁበት ቀን የለሊሴ እናት ከጉቶ ጊዳ መጡ። ለሊሴ ከዚያ በላይ ፈቃድ አላገኘችም፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ሳልይዝ መቆም አልችልም ነበር። የሚኖሩት ወደ ቆላው በሚያዘነብለው በኩል ነው። ማርና የበቆሎ ዱቄት ይዘው፣ ዋናው መንገድ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በመኪና መጡ።

ሁሉም ሰው ሃዳ ለሊሴ ይላቸዋል፤ የለሊሴ እናት ማለት ነው። እኔም እንዲሁ፤ ሳነጋግራቸው ደግሞ አዴ እላለሁ፤ እትዬ እንደማለት። በድሮው ሥርዓት አማችና አማት በስም አይጠራሩም፤ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። መከባበር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ትቶታል፤ እርሳቸው አልተዉትም። ስገባ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። እኔም ዓይኔን እሰብራለሁ። የሚጠሩኝ «ሶዳ» ብለው ነው፤ አማቻችን እንደማለት፤ ያውም በብዙ ቁጥር። ፓስተራቸው አንድ ጊዜ ይህ ነገር በወንጌል አያስፈልግም ቢላቸው «ፓስተሩ ገና ሶዳ የለውም» ብለው መለሱ ይባላል።

ምግቤን መጋረጃው ሥር ባለች በርጩማ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ያስቸግሩኛል።

«ሶዳ፣ ገንፎውን በሉት ወይስ ለድመቷ ሰጡብኝ?»

«በላሁት፣ አዴ።»

«ድመቷ ወፍራለች እኮ።»

በየጠዋቱ ለሊሴ ከሄደች በኋላ በመጋረጃው በኩል ሰላምታ እንለዋወጣለን። «አካም ቡልታን?» እላለሁ፤ እንዴት አደሩ። «ፈያ» ይላሉ፤ ጤና ነኝ። ከዚያ የእኔን ይጠይቃሉ። ሐኪሙ ሙቀቴን በቀን ሦስት ጊዜ እንድለካ አዞኝ ነበር፤ እየለካሁ በደብተሬ እመዘግባለሁ። ቴርሞሜትሩን አጥበው የሚያመጡልኝ እርሳቸው ነበሩ። ስምንት ቀን በእጃቸው ይዘውት ተመላልሰዋል።

ያ ደብተር አሁንም አለ። የእኔ ሙቀት በሰዓቱ ተጽፏል። ስለ እርሳቸው የተጻፈ ነገር የለም፤ ቢጻፍ ኖሮ በየቀኑ «ፈያ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ማንም ሰው ለሰላምታ ከዚህ ሌላ መልስ አይሰጥም፤ እኔ ግን ያንን እንደ መረጃ ወሰድኩት። በሥራዬ አንድ ባለሥልጣን «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ቢለኝ ሁለተኛ ጥያቄ ሳልጠይቅ አልነሳም። ቤቴ ውስጥ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በጆሮዬ የሚደርሰኝ ነበር። ከአምስተኛው ቀን በኋላ እርምጃቸው ዘገየ። ውኃ ደጋግመው ይቀዳሉ። አንድ ጊዜ ከጓዳ በር አጠገብ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋና ከዚያ ቀስ ብሎ የመነሳት ድምፅ ሰማሁ። ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው አልኩ። ማስታመም ያደክማል።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አጥሚት ይዘው ገቡ። መጋረጃው ሥር አልቆሙም። አልጋዬ ድረስ መጡ። ነጠላ አልነበራቸውም፤ ትከሻቸው ላይ እንኳን የለም። ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ታደሰ፣ እንካ ጠጣ» አሉኝ።

በነጠላ ቁጥር። በስሜ። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ወደ አጥሚቱ አወረድኩ፤ አስራ አንድ ዓመት የለመድኩት ነውና። ቀና ብል ኖሮ አየው ነበር።

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። የወለዱኝ ልጃቸው የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። በመጨረሻ ቀረቡኝ፣ ሞት አፋፍ ደርሼ መመለሴ ሥርዓቱን አስረሳቸው ብዬ አሰብኩ። አጥሚቱ ውስጥ ጨው በዝቶ ነበር፤ እንዳይከፋቸው ጨረስኩት። «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እንዲያርፉ ብዬ ሬዲዮውን ዘጋሁት። በደብተሬ የጠዋት ሙቀቴ አጠገብ «ዛሬ በስሜ ጠሩኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አልተነሱም። ያደረውን ራሴ አሙቄ በላሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ወጥ ቤት ደርሼ መመለሴም ሌላ ደስታ ሆነልኝ። የጓዳው በር ገርበብ ያለ ነበር። አማት የተኛችበት ክፍል አይገባም። አልገባሁም።

ለሊሴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። ጫማዋን ስታወልቅ ነገርኳት።

«ዛሬ እናትሽ በስሜ ጠሩኝ።»

«ማን?»

«እናትሽ። ታደሰ፣ እንካ ጠጣ አሉኝ።»

አንድ ጫማ እጇ ላይ እንዳለ ቀና አለች። «አንተ ብላ?»

«አንተ ብለው። ነጠላም አልለበሱም።»

ፈገግ እስክትል ጠበቅኩ። ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ በጤናዋ ይህን አታደርግም» አለች። «መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

ጫማውን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትጠራቸው ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥላ ጮክ ብላ። መልስ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ሐኪሙ ያለው የገባኝ። «ያላመሉን» ብሎ ነበር። በስሜ ከጠሩኝ አሥር ሰዓት ያህል አልፏል።

ሆስፒታል ስንደርስ ለሊሴ ከእናቷ ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል ገባች፤ ካርድ የማወጣው እኔ ሆንኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ ብዕሩን አዘጋጅቶ «የታማሚዋ ስም?» አለኝ።

አውቀዋለሁ። በአፌ ብዬው ግን አላውቅም።

«ጋዲሴ» አልኩት።

«የአባት ስም? ዕድሜ?»

ሁለቱንም አላውቅም ነበር። ሌሎችን በሰልፍ አቁሜ ለሊሴን ልጠይቅ ሄድኩ።

ውስጥ ነርሷ የዓይናቸውን ሽፋን በጣቷ ወደ ታች ስባ ትመለከታለች። ፊታቸውን በሙሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለሊሴ አርጅታ የተኛች መሰለኝ። ግንባራቸው፣ የከንፈራቸው ዳር፣ ሁሉ የእርሷ ነው። ገርጥተው ነበር፤ የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «መልካቸው ድሮም እንዲህ ነው ወይስ ተለውጧል?»

«አላውቅም።»

«አብራችሁ አይደለም የምትኖሩት?»

«ስምንት ቀን ሆኗቸዋል እኛ ቤት።»

«ስምንት ቀን ሙሉ አላዩዋቸውም?»

«አላየኋቸውም» አልኳት። እርሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ገባት መሰለኝ፣ ሌላ አልጠየቀችኝም።

እኔን ያዳነኝ መድኃኒት ተሰጣቸው። ደማቸው በጣም ወርዶ ነበር። የለሊሴ አልገጠመም፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ሁለቱ መጥተው ለገሱ። ያ ጓንት የሞላልኝ ሐኪም ሁለቱንም ቀን እየተመላለሰ አያቸው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ደሙ ይተካል። መድኃኒቱ ጥገኛውን ይገድላል። የደነደነውንና የተጣበቀውን ሴል ግን እኛ ማላላት አንችልም። እስኪለቅ መጠበቅ ነው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ለሊሴ እጃቸውን ይዛ ሳለ አረፉ። አልነቁም ነበር።

ለሊሴ ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበችለት። «ማክሰኞ ጠዋት ብናመጣትስ?»

ወደ መሬት አየ። «የተሻለ ዕድል ይኖራቸው ነበር። እርግጠኛ ነገር ልነግርሽ ግን አልችልም።»

እትዬ አስካለ ለቀስተኛ ሲቀንስ እኔን ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ። «ሁለት ጊዜ ፓራሲታሞል ለምነውኛል። አንዱን እሑድ፣ ሌላውን ሰኞ። ለሶዳዬ ነው፣ ራሳቸውን አሟቸዋል አሉኝ። አንተን መስሎኝ ነው የሰጠሁት፣ ልጄ።» ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያበርድላቸዋል፤ ከልጃቸው ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ይበቃቸዋል። ለሊሴ ማታ ስትገባ ግንባራቸው አይፋጅም። የታመመ አማች ቤት ውስጥ አማት አልጋ ብትይዝ ነውር ነው፤ እንዲህ ነው ያሰቡት ብዬ እገምታለሁ። የምችለው መገመት ብቻ ነው፤ ሊጠየቁ አይችሉም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እኔና ለሊሴ ብዙ አልተነጋገርንም። እየጠነከርኩ ስሄድ፣ ግድግዳ ሳልይዝ ስራመድ፣ መልሼ ምግብ ሲጥመኝ እንድታይ አልፈልግም ነበር። አንድ እሑድ የእናቷን ልብስ እያጠፈች «አንተን ብቻ አትክሰስ» አለችኝ። «ሐኪሙ ሲናገር እኔም ሰምቻለሁ። ማታ ማታ እንዴት ዋልሽ እላታለሁ፤ ፈያ ትለኛለች፤ የተማሪዎቼን ደብተር አወጣለሁ።» ከዚያ ማጠፏን ቀጠለች። ያለችኝ ይኸው ነው። እኔ ግን ከጠዋት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ ለማንም ማካፈል አልቻልኩም።

ለአንባቢ የምለው አጭር ነው። ከቆላ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ አንድ የደም ምርመራ የለም ቢልም አስደግሙ። በቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም የሚያስታምመውንም ጠይቁ፤ ሰላምታ ሳይሆን ጥያቄ ጠይቁ። ዝምተኛው ሲለፈልፍ፣ ጨዋው ሲዳፈር፣ ትኩሳት ባለበት አገር ደስ አይበላችሁ፤ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሂዱ።

ከወር በላይ ቆይተን ወደ ጉቶ ጊዳ ወረድን። ቤቱ ውስጥ ዘመድ ተሰብስቧል። የሟች ታናሽ እህት አዴ ደብሪቱ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ነጠላቸውን ስበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ለእኔ እርሳቸውም አማት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ብርድ ብርድ ብሏቸው እንደነበር አንድ ሰው በወሬ መካከል ሲያነሳ ሰማሁ።

«አካም ቡልታን፣ አዴ?» አልኩ።

«ፈያ» አሉ ለግድግዳው።

«ሰላምታ አይደለም። እየጠየቅኩዎት ነው። ብርዱ ለቆዎታል?»

የለሊሴ አጎት «ጋዜጠኛው ለቅሶ ቤትም ቃለ መጠይቅ ጀመረ» አሉ። ማንም አልሳቀም። ለሊሴ ከአጠገቤ አልተንቀሳቀሰችም።

አዴ ደብሪቱ ፊታቸውን አላዞሩም። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ዘረጉት፤ መዳፋቸውን ገልብጠው። «የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የደም ማነስን እዚህ ላይ ነው የምታየው» አሉ ቀስ ብለው።

ሳልነካቸው ጎንበስ ብዬ ከበሩ በሚገባው ብርሃን አየሁት። ነጭ ነበር። ተነስቼ ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ።